የድጓ ምልክትና የብራውዘር ሃክ፦ የግዕዝና የአማርኛ ድረ ገጽ ስታይልሺት በምን ይደራጅ?

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር የቤተ ክርስቲያን ዜማ ዛሬም በቃልና በብራና ይተላለፋል። ድጓ የሚመሰከረው በጋይንቷ ቤተ ልሔም ሲሆን ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከሩበት ዙር አባም የሚገኘው በዚያው በጋይንት ነው። እነዚህን መጻሕፍት በፎቶግራፍ ማስቀረት አንድ ሥራ ነው፤ ፊደላቸው የሚፈለግ፣ የሚቀዳና የሚነጻጸር ጽሑፍ ሆኖ በድረ ገጽ እንዲነበብ ማድረግ ግን ሌላ ሥራ ነው። ሁለተኛውን የሚጀምር ተመራማሪ ብዙ ሳይርቅ የድረ ገጽ ገንቢዎች ለሃያ ዓመታት ያህል ሲታገሉት ከኖሩት ችግር ላይ ይደርሳል። ይኸውም አንድ ገጽ በተለያዩ ብራውዘሮች የተለያየ መልክ ሲይዝ ልዩነቱን ለማስተካከል የሚጻፈው፣ በልማድ «ሃክ» የሚባለው ማታለያ ኮድ ነው። በብዙ የመማሪያ ጽሑፎች ይህ የማስዋብ ጉዳይ ተደርጎ ይቀርባል። በድጓ ላይ ግን የይዘት ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ከምልክቱ ይጀምራል። በድጓ ገጽ ላይ ንባቡ በመደበኛ ፊደል ይጻፍና የዜማው ምልክት ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ይቀመጣል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ እያንዳንዳቸው የሚያርፉበት ፊደል አላቸው። ከእነርሱም ሌላ ከንባብ ቃላት አጥረው የተወሰዱ ደቃቅ ፊደላት በምልክትነት ያገለግላሉ። ትውፊቱ ይህን የምልክት ሥርዓት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው እትሙ (4.1) አጭር ርክርክንና ደረት ሂደትን ጨምሮ 10 የዜማ ምልክቶችን በኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ክፍል ውስጥ መዝግቧል። ነገር ግን ምልክቶቹ የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው በመስመር ላይ ቦታ እንደሚይዙ ፊደላት ነው፤ በሌላ ፊደል ላይ በራሳቸው አይወጡም። ይዘት ከተከተበ በኋላ ወደ ላይ ከፍ ብሎ በተገቢው ፊደል አናት ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርገው የገጹ አቀማመጥ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው፣ በጀማሪዎች ዘንድ የሚዘወተረው፣ ምልክቱን በፒክሰል ለክቶ መግፋት ነው፤ 14 ፒክሰል ወደ ላይ፣ 6 ፒክሰል ወደ ግራ። በሠሪው ኮምፒዩተር ላይ ያምራል። በሁለተኛ ብራውዘር ሲከፈት ምልክቱ ሁለት ፒክሰል ይሸሻል፤ ለዚያ ብራውዘር ብቻ የሚነበብ ማስተካከያ ይጻፋል። በስልክ ሲከፈት እንደገና ይሸሻል፤ ሦስተኛ ማስተካከያ ይታከላል። በተራ ገጽ ላይ የሁለት ፒክሰል ልዩነት ማንንም አይጎዳም። የዜማ ምልክት ከአንዱ ፊደል ወደ ጎረቤቱ ሲሻገር ግን ገጹ የተበላሸ አይመስልም፤ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ የሚዜመው ብቻ ይለወጣል። የቤተ ልሔም መምህር ያየዋል፤ በሌላ አገር ሆኖ ገጹን ለምርምር የሚጠቀም ሰው ግን አያየውም።

ሁለተኛው መንገድ ምልክቱንና የሚያርፍበትን ፊደል በሰነዱ መዋቅር ውስጥ ማጣመር ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ለጃፓንኛና ለቻይንኛ ንባብ መርጃ ተብሎ የተሠራው «ሩቢ» የተባለው የኤች.ቲ.ኤም.ኤል. ክፍል ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ5ኛው እትም ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ፋየርፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 በ38ኛው እትሙ ተቀብሎታል። ሩቢን የማያውቅ ብራውዘር ቢያጋጥም እንኳ ምልክቱን በቅንፍ አድርጎ ከፊደሉ ቀጥሎ የሚያስቀምጥ መጠባበቂያ አለው። መልኩ አያምርም፤ የትኛው ምልክት የየትኛው ፊደል እንደሆነ ግን አይጠፋም። በዚህ ዘዴ ለብራውዘር ተብሎ የሚጻፍ ነገር የለም ማለት ይቻላል። እንዲያውም የሩቢን አቀማመጥ የሚወስነው ባሕርይ በክሮም ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት የሚሠራው በ«ዌብኪት» ቅድመ ቅጥያና በሌሎች የእሴት ስሞች ነበር። ብዙዎች ሁለቱንም ደርበው ይጽፉ ነበር። ለድጓ ግን ምንም መጻፍ አያስፈልግም፤ ከፊደሉ በላይ መቀመጥ የሩቢ የተፈጥሮ ቦታው ነውና። የመጀመሪያው የሃክ መከላከያ ብራውዘሩ በራሱ የሚያደርገውን ነገር አለማዘዝ ነው። የሚቀረው ቃሉ በምልክቶቹ መካከል ተሰብሮ ወደ ሁለት መስመር እንዳይከፈል በአንድ ማቀፊያ መያዝ ብቻ ሲሆን እርሱም በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ተራ ትእዛዝ ነው።

ሃክ ለምን እንደሚከስር ለመረዳት ታሪኩን በጥቂቱ ማየት ይጠቅማል። የሲ.ኤስ.ኤስ. የመጀመሪያ ደረጃ መስፈርት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1996 ሲወጣ የሳጥን ስፋት የሚባለው የይዘቱ ስፋት ብቻ እንደሆነ ደነገገ። ስለዚህ 300 ፒክሰል ስፋት፣ በየጎኑ 20 ፒክሰል ውስጣዊ ክፍተትና 5 ፒክሰል ጠርዝ ያለው ሳጥን በገጹ ላይ 350 ፒክሰል ይይዛል። የዊንዶውስ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ግን ሁሉንም በ300 ውስጥ አጠቃለለ። ታንቴክ ቼሊክ ለዚህ ያቀረበው መላ የድምፅ አንባቢን በሚመለከት ትእዛዝ ውስጥ በጥቅስ ምልክት የታጠረ ቅንፍ በማስገባት አሮጌው ብራውዘር ደንቡ ያለቀ መስሎት እዚያው እንዲቆም ማድረግ ነበር። አዲሶቹ ግን አልፈው ትክክለኛውን ስፋት ያነባሉ። ከዚያም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6ና ከእርሱ በፊት የነበሩት ብቻ የሚያነቡት የኮከብ ሃክ ተስፋፋ።

በዚህ ዘዴ ውስጥ ያለው ጉድለት አንድ ነው፤ ሁለት የማይገናኙ ስህተቶችን ያስተሳስራል። ስፋትን አሳስቶ መቁጠር አንድ ግድፈት ነው፤ ኮድን አሳስቶ ማንበብ ሌላ ግድፈት። ሃክ ሁለተኛውን የመጀመሪያው መታወቂያ ያደርገዋል። አምራቹ አንዱን አርሞ ሌላውን ሲተው መታወቂያው ይዋሻል። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 7ን ከማውጣቱ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005፣ ገንቢዎች ሃኮቻቸውን እንዲያጸዱ በይፋ የጠየቀው ይህን ፈርቶ ነው። አዲሱ ብራውዘር የኮከብ ሃክን ማንበብ ሊያቆም፣ ነገር ግን ማስተካከያ የሚፈልጉ አንዳንድ ግድፈቶቹን ይዞ ሊቀጥል ነበርና። (ስሌቱን በተመለከተ ታሪክ ትንሽ ቀልዳለች፤ ያኔ እንደ ጥፋት የተቆጠረው የኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 አቆጣጠር ዛሬ በመስፈርቱ ውስጥ በምርጫ ገብቶ አብዛኞቹ ንድፍ ሠሪዎች በመጀመሪያው መስመራቸው የሚያዙት ነው።)

ቅድመ ቅጥያዎች የመጡት ይህን ሥርዓት ለማስያዝ ነበር። አምራቹ ገና ያልጸደቀ ባሕርይ ሲሞክር በራሱ ስም ይጀምረዋል፤ ዌብኪት፣ ሞዝ፣ ኦ ወይም ኤም.ኤስ. እያለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሰዎች ግን የአንዱን አምራች ቅጥያ ብቻ እየጻፉ ገጾቻቸውን ለቀቁ። ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2012 የተፎካካሪውን የዌብኪት ቅጥያ በራሱ ብራውዘር ውስጥ ለማንበብ ተገደደ፤ ፋየርፎክስም በ2016 ተከተለ። የኢትዮጵያ ፊደልም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። ዝርዝሮችን በ1፣ 2፣ 3 ፈንታ በሀ፣ ለ፣ ሐ ለመቁጠር የሚያስችሉ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው የዝርዝር ረቂቅ ላይ ነበሩ። ፋየርፎክስ ለረዥም ጊዜ በሞዝ ቅጥያ ያቀርባቸው ነበር። በዚያ ቅጥያ ብቻ የተጻፈ ገጽ በሌላ ብራውዘር ሲከፈት ሀ፣ ለ፣ ሐ የነበረው ወደ ሌላ መቁጠሪያ ይለወጣል።

ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በአገሪቱ የሕግ አጻጻፍ «ፊደል ተራ (ሐ)» ብሎ መጥቀስ የተለመደ ነው። መመሪያው በገጹ ላይ 3 ብሎ ቆጥሮ በጽሑፉ ውስጥ ወደ ፊደል ተራ (ሐ) ከመራ አንባቢው ሐን አያገኛትም። ስለዚህ መለየት ይገባል፤ ቁጥሩ የይዘቱ አካል የሆነበት ሰነድ ላይ ፊደሉ በጽሑፉ ውስጥ ይከተብ፤ ተራ ዝርዝር ላይ ብቻ ለስታይልሺት ይተው። ለተራ ዝርዝር ዛሬ ቅጥያ የማያስፈልገው መንገድ አለ፤ «ካውንተር ስታይል» በተባለው ደንብ ጸሐፊው የመቁጠሪያ ፊደላቱን ራሱ ይዘረዝራል። ፋየርፎክስ ከ2014፣ ክሮም ከ2021፣ ሳፋሪ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቀበሉታል። ከእነዚያ በፊት ያለ ብራውዘር ደንቡን ይዘልና በተራ ቁጥር ይቆጥራል። የግዕዝ አኃዝ ግን በዚህ መንገድ አይዘረዘርም። ዜሮ ስለሌለውና ፻ና ፼ የሚገቡት አሐዞችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ በሚሄድ ስሌት ስለሆነ መስፈርቱ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው የብራውዘር ልዩነት እውነተኛ መሆኑን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መከራከሪያ ግን በግዕዝና በአማርኛ ገጾች ላይ በብራውዘር የሚሳበበው ልዩነት አብዛኛው የብራውዘር አለመሆኑ ነው። የፎንት ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኤብሪማ የኢትዮጵያን ፊደል ጨመረ፤ በአፕል መሣሪያዎች ኬፋ፣ በአንድሮይድ ኖቶ ይገኛል። እነዚህ ፎንቶች በአንድ መጠን ቢታዘዙም ፊደላቸው እኩል አይሆንም፤ ከመስመር በላይና በታች የሚይዙት ቦታም ይለያያል። ገንቢው ገጹን በቢሮው ኮምፒዩተር በፋየርፎክስ፣ በስልኩ በክሮም ያያል፤ መስመሮቹ በአንዱ ተጣበው በሌላው ሰፍተው ያገኛቸዋል። «ክሮም አበላሸው» ብሎ ለክሮም ብቻ የሚነበብ ደንብ ይጽፋል። በዚያው ክሮም ኒያላ ባለበት አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ማስተካከያው ራሱ ጥፋት ይሆናል። ምርመራው ስለተሳሳተ መድኃኒቱ ሌላ በሽታ አመጣ።

ስለዚህ ስታይልሺት መደራጀት ያለበት በብራውዘር ስም ሳይሆን ልዩነቱ በእውነት በሚመነጭበት ቦታ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ለማንኛውም ቋንቋ የሚሆነው የጋራ መሠረት ነው። ቀጥሎ የፊደልና የቋንቋ ክፍል ይመጣል፤ ይህ በአማርኛና በግዕዝ ገጾች ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። በሰነዱ ውስጥ የትኛው አንቀጽ አማርኛ፣ የትኛው ግዕዝ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ በቋንቋ መለያ ከተገለጸ የሲ.ኤስ.ኤስ. የቋንቋ መራጭ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ይሰጣል። የመስመር ቁመት እዚህ ይወሰናል፤ በፒክሰል ሳይሆን ከፊደሉ መጠን ጋር በሚያድግ ብዜት። የፎንቶቹ ቅደም ተከተል እዚህ ይዘረዘራል። ለእንግሊዝኛ ሲባል የሚሰጠው ማዝመም እዚህ ይነሳል። የኢትዮጵያ ፊደል ያዘመመ ቅርጽ የለውምና ብራውዘሩ በግድ ሲያጋድለው የካዕብና የሣልስ እግሮች ለዓይን ይቀራረባሉ። ለአጽንዖት የጸሐፍት ልማድ የነበረው ቀይ ቀለም ነው፤ በገጽ ላይም በአንድ መስመር ትእዛዝ ይገኛል። ከዚህ በኋላ የገጹ ክፍሎች፣ ማለትም ራስጌው፣ ሠንጠረዡና የድጓው ንባብ፣ እያንዳንዳቸው በየፋይላቸው ይቀመጣሉ።

በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ አዲስ ባሕርይ መጠቀም ሲያስፈልግ ብራውዘርን መጠየቅ አያስፈልግም። ሲ.ኤስ.ኤስ. ከጥንት ጀምሮ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፤ የማያውቀውን ትእዛዝ ይዘልና ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀው ይቅደም፤ የተሻለው ይከተል። ብዙ ትእዛዞች አብረው መቀየር ካለባቸው «ሰፖርትስ» የተባለው ደንብ «ይህን ባሕርይ ታውቃለህን?» ብሎ ይጠይቃል። «ማን ነህ?» እና «ምን ትችላለህ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው መልስ በየዓመቱ ይለወጣል።

በቅርቡ የተጨመረው «ሌየር» የተባለው ደንብ ስታይልሺትን በንብርብር ለማደራጀት የተሠራ በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ዋናዎቹ ብራውዘሮች የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ነው። ለምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አንባቢ ግን ገና አይመከርም። ከዚያ በፊት የወጣ ብራውዘር ሌየርን ስለማያውቅ በውስጡ ያለውን ሁሉ ይዘላል፤ ገጹም ያለ አንዳች ስታይል እርቃኑን ይቀራል። በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ፣ በአርብ ገበያ ወይም በመካነ ኢየሱስ አንድ ገጽ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፤ ስልኩም አሮጌ ሊሆን ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ተቋርጦ መቆየቱ ደግሞ ብራውዘርን የማደስን ነገር ከባለቤቱ ፈቃድ ውጭ አድርጎት ነበር። በፋይል ቅደም ተከተል ብቻ መደራጀት ያረጀ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ማንንም አይጥልም።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ጉዳዩ አልፎበታል የሚለው ነው። ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ማይክሮሶፍት ኤጅ በ2020 ወደ ክሮም ሞተር ዞረዋል፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ም በሰኔ 2022 ከአገልግሎት ወጥቷል። ቅድመ ቅጥያን በራሱ የሚጨምር እንደ አውቶፕሪፊክሰር ያለ መሣሪያም አለ። እውነት ነው፤ በእጅ ቅጥያ የሚጽፍ ሰው ዛሬ ጊዜውን ያባክናል። ነገር ግን መሣሪያው ቅጥያ ይጨምራል እንጂ ፎንት አይመረምርም። የሞተሮቹ ቁጥር ማነሱም ስልኮቹን አንድ አላደረጋቸውም። ዳታ ለመቆጠብ የሚመረጠው ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ አሠራሩ ገጹን በአገልጋይ ላይ ጨምቆ ይልካል፤ ከገጹ ጋር የሚላክን ፎንትም አይቀበልም። የድጓ ገጹን መልክ በአንድ በተላከ ፎንት ልክ በፒክሰል የቀየሰ ሰው እዚህ ሁሉን ያጣል። በሩቢ ያጣመረ ግን ፊደሉንና ምልክቱን አያጣም።

ምንም ያህል ቢጠነቀቁ አንዳንድ ጊዜ የአንድ ብራውዘር ግድፈት ለይቶ ማስተካከያ ያስገድዳል። ያን መካድ አይገባም። እንግሊዛዊው ገንቢ ሃሪ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ2013 እንዲህ ያሉ ደንቦች ሁሉ «እፍረት» የሚል ትርጉም ባለው ስም በአንድ ፋይል እንዲቀመጡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስሙ ቀልድ ቢጤ ቢሆንም አሠራሩ ለዩኒቨርሲቲ ሥራ በተለይ ይስማማል። የማስተርስ ተማሪ ሥራውን ሠርቶ በሁለት ዓመት ይሄዳል፤ ገጹን የሚረከበው ሌላ ተማሪ ነው። በሰላሳ ፋይሎች ውስጥ የተበተነ ሃክ ተረካቢው ምን እንደሚያስተካክል ሳያውቅ ሊያጠፋውም ሊያቆየውም የሚፈራው ነገር ይሆናል። በአንድ ፋይል መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ፣ ከጎኑም የትኛው ብራውዘር፣ የትኛው እትም፣ ምን ግድፈት፣ መቼ እንደታየና ምን ሲሆን እንደሚነሳ በአማርኛ ከተጻፈ፣ ተረካቢው አንብቦ ይወስናል። ማብራሪያ የሌለው ሃክ በመመረቂያ ሥራ ውስጥ ምንጭ እንዳልተጠቀሰለት ዐረፍተ ነገር ሊቆጠር ይገባዋል፤ ገምጋሚዎችም ኮዱን ከጥናቱ ጋር ሊጠይቁ ይገባል።

ፈተናውም ከዚሁ ጋር ሊስተካከል ይገባል። የተለመደው ገጹን በሦስት ብራውዘሮች ከፍቶ ማየት ነው። ለግዕዝ ገጽ የሚበልጠው ብራውዘሩን አንድ አድርጎ ፎንቱን መቀያየር ነው፤ አንዴ በኒያላ፣ አንዴ በኤብሪማ፣ አንዴ በኖቶ፤ ቀጥሎ የተላከውን ፎንት ዘግቶ፤ በመጨረሻም ስታይልሺቱን በሙሉ አጥፍቶ። በመጨረሻው ፈተና ላይ የድጓው ገጽ ነጭና ጥቁር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ በየምልክቱ ላይ ጣትን አድርጎ የየትኛው ፊደል እንደሆነ የዜማ መምህር መጠየቅ ይቻላል።